ቅጣቱ የሚለካው በማን ጉዳት ነው?

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የባሕር ዳሯ ሕፃን ጉዳይ በአደባባይ በተሰማ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ንግግር በአንድ ቁጥር ላይ ቆመ። የሰባት ዓመት ልጅ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ተደፍራ ተገድላለች፤ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን በ25 ዓመት ጽኑ እስራት ቀጥቶታል፤ ነገሩ ወደ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው ግን እናትየዋ ብዙ ከጮኸች በኋላ ነው። ‹‹ለዚህ ሃያ አምስት ዓመት ብቻ?›› የሚለው ጥያቄ ከታክሲ ውስጥ እስከ መምህራን ክበብ ድረስ ተሰማ። ስቅላት ይገባዋል ያሉም ጥቂቶች አልነበሩም።

ቁጣውን አልነቅፍም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ያልተቆጣ ሰው ካለ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ነገር ግን የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ወንጀል የምንከራከረው ሁልጊዜ ስለ ቅጣቱ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ደግሞ ወደ ሰባ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልመጣም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለአስገድዶ መድፈር በመደበኛው ሁኔታ ያስቀመጠው ከ10 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ታዲያ ጣሪያው እንዲህ ከፍ ብሎ እያለ ሰው ሰምቶ የሚያዝንበት ፍርድ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማምነው፣ ቅጣቱ የሚሰፈርበት ቁና ከሕጉ በፊት የነበረ፣ ሕጉ ሲለወጥም አብሮ ያልተለወጠ ስለሆነ ነው። ያ ቁና የሴቲቱን ጉዳት ለመስፈር የተሠራ አልነበረም። የሌላ ሰው ጉዳት ይሰፈርበት ነበር።

ከቋንቋችን ልጀምር። ‹‹ተደፈረ›› የምንለው ድንበር ነው፣ ምሽግ ነው፣ የሰው ግቢ ነው። የሚደፈረው ባለቤት ያለው ነገር ነው። ሴቲቱ ‹‹ተደፈረች›› ስንል በቃሉ ውስጥ ከጀርባዋ የቆመ ባለቤት አለ፤ አባት፣ ወንድም ወይም ባል። በጋዜጣና በችሎት አነጋገር ለብዙ ዘመን ‹‹ክብረ ንጽሕና›› ሲባል የኖረውም ነገር እሷ ለቤተሰቧ የምትጠብቀው አደራ እንጂ የራሷ ገንዘብ ሆኖ አልታየም። ይህን የቃላት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ካለ በባሕላዊው ዳኝነት ካሳው ለማን ይከፈል እንደነበር ይመልከት። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ጠላፊው ልጅቱን ይዞ ከተሰወረ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ከአባቷ ጋር ነው፤ ከብቱ ወይም ገንዘቡ የሚሰጠው ለአባቷ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቀውም አባቷ ነው። ልጅቱ በዚያ ሸንጎ ላይ ቦታ የላትም። ነገሩ ታርቆ ሲያልቅ እሷ ሚስት ሆና ትቀራለች።

ሽማግሌዎቹን ለማውገዝ አይደለም ይህን የምለው። ዓላማቸው የደም መፋሰስን ማስቀረት ነበር፤ ብዙ ጊዜም አስቀርተዋል። ሰላሙ የተገዛው ግን በልጅቱ ነው።

ስለ ፍትሐ ነገሥት ብዙ አልልም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ በገጠሩ ሰው የዕለት ተዕለት ዳኝነት ላይ የነበረው ሥልጣን ከስሙ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም እንዲሁ ልለፈውና ወደ 1949ኙ ልምጣ።

ያን ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የተባለ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ነው። በዘመኑ ሚዛን የሠለጠነ ሥራ ነበር፤ የሕግ ትምህርት ያላቸው ወዳጆቼ እስከ ዛሬ ያደንቁታል። ጠለፋ በአንቀጽ 558 መሠረት በመደበኛው ሁኔታ ከ3 ዓመት በማይበልጥ፣ አስገድዶ መድፈር ደግሞ በአንቀጽ 589 መሠረት ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጡ ነበር፤ የኋለኛው አክባጅ ሁኔታ ሲኖርበት እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ጣሪያ እንጂ ወለል አልተበጀለትም። የጽኑ እስራት ዝቅተኛው መጠን በጠቅላላው 1 ዓመት ስለነበረ ዳኛው ከ1 እስከ 10 ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሕሊናው ወደ መራው ይሄዳል። የዳኛው ሕሊና ደግሞ ያደገው ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ አጠገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የከፋው አንቀጽ 599 ነበር። ተበዳይዋ የደፈራትን ሰው በነጻ ፈቃዷ ካገባችውና ጋብቻው ካልፈረሰ ሰውየው አይከሰስም። ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ወኅኒ ገብቶ ከሆነም ቅጣቱ በዚያው ይቋረጣል። ለጠለፋም በአንቀጽ 558 ውስጥ ተመሳሳይ መውጫ ተበጅቶለታል። ይህ ድንጋጌ በሕግ መጽሐፍ ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው፤ በቀበሌ ሲሠራ ግን ምን ይመስል እንደነበር እናስብ። አንድ ሰው ሰባት ዓመት ተፈረደበት እንበል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እያንዳንዷ የእስራት ቀን ዋጋ ያላት ሸቀጥ ትሆናለች። የፍርደኛው ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ወደ ልጅቱ አባት ይመጣሉ። ‹‹ልጅህን ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ልጃችንስ ለምን በወኅኒ ይበስብስ?›› ይላሉ። ፍርዱ በበረታ መጠን ልመናውም ዛቻውም ይበረታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ስለነበር ነጻ ፈቃድ የሚለው ቃል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባቷ ፊት ቆማ የምትሰጠውን ፈቃድ ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ፍርድ ቤቱ የቆረጠውን ዓመት ድንኳን ይሰርዘዋል፤ ጨካኙ ፍርድ የልጅቱን ትዳር የሚያፋጥን መሣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ‹‹ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት›› ከሚለው ከረጢት ውስጥ ጨምረው ያልፉታል። የገበሬው ልማድ ነው ለማለት ነው። እውነቱ ግን ደፋሪን በጋብቻ ነጻ የማውጣት ሐሳብ በጊዜው በሠለጠነችው አውሮፓም የታተመ ሕግ ነበር። ኢጣሊያ ይህን ድንጋጌ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ያውም አንዲት የሲሲሊ ወጣት በ1960ዎቹ ጠላፊዬን አላገባም ብላ ችሎት ከቆመችና አገር ካነጋገረች ዓመታት በኋላ። ስለዚህ የእኛ አባቶች ልማድና የጄኔቫው ሊቅ ብዕር በዚህ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ተስማምተዋል ማለት ይቻላል። አንቀጽ 599 ገበሬው በከተማው ላይ የጫነው አልነበረም፤ በንጉሠ ነገሥት ማኅተም የወጣ ነው። በደርግ ጊዜም ሳይነካ ኖረ። ስለ ሴቶች እኩልነት በየአደባባዩ መፈክር ያሰማ የነበረው ያ መንግሥት መሬት አውጆ፣ ትርፍ ቤት ወርሶ፣ ይህችን አንቀጽ መሰረዝ አልታየውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የማላቀቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ጣለ። የወንጀለኛ መቅጫው ግን ከዚያ በኋላም ዐሥር ዓመት ያህል እንደነበረ ቀጠለ። የአርሲዋ የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ የቀረበችው በዚያ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ‹‹ድፍረት›› የተሰኘው ፊልም ስለተሠራበት ታሪኩን ብዙዎች ያውቁታል። በቅርቡ ተመሥርቶ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ፊልሙ በመልካም ፍርድ ስለሚያልቅ ተመልካች እፎይ ብሎ ይወጣል። እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ግን ከዚያ በኋላ፣ በዚያው በአርሲ የተፈጸመውንና ፊልም ያልተሠራበትን ሌላ ጉዳይ ነው።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ በአንድ ሰውና በግብረ አበሮቹ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት፤ ሰውየውም ተያዘ። በዋስ ተለቀቀ። በዋስ እንደ ወጣም ዳግመኛ ጠልፎ ደበቃት፤ አንድ ወር ያህል ይዞ የጋብቻ ውል ላይ አስፈረማት። ይህ ወረቀት ለምን አስፈለገው? ከላይ ያየነውን አንቀጽ የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ጠላፊው ሕግ የማያውቅ ባላገር አልነበረም፤ መውጫውን አስቀድሞ በእጁ እያዘጋጀ ነበር። ልጅቱ ግን አመለጠች።

በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮች እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የወረዳ ዳኞችን ማማት የተማረው ሰው ልማድ ነው፤ ደመወዛቸው ያነሰ፣ ትምህርታቸው ያጠረ፣ ለአካባቢው ተጽዕኖ የተጋለጡ ናቸው እንላለን። የጉናው ዳኛ በዚያ አካባቢ እየኖረ፣ ከጠላፊዎቹ ዘመዶች ጋር በአንድ ገበያ እየዋለ፣ ግብረ አበሮቹን ሳይቀር በ8 ዓመት ቀጣ። በኅዳር 1996 ዓ.ም. ይግባኙን ያየው የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ አምስቱንም ለቀቃቸው፤ ነገሩ በፈቃዷ የተደረገ ይመስላል አለ። በጊዜው ሕግ ከ15 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የሚደረግ ግንኙነት ፈቃድ ኖረም አልኖረም ወንጀል ነበር። ጉዳዩ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ወደ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም ደርሶ የሚያርመው አልተገኘም። አራት እርከን ፍርድ ቤት ካለፈ በኋላ ያቺን ልጅ በደንብ ያያት የመጀመሪያው፣ ዝቅተኛው ብቻ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኩዋሊቲ ናው የተባለው ድርጅትና የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት የልጅቱን መብት አላስጠበቀም ብሎ ወሰነ፤ 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፈላትም አዘዘ። ስትጠለፍ 13 ዓመቷ ነበር፤ ይህ ውሳኔ ሲሰጥ ከ25 አልፋለች። ካሳ ለአባት ሳይሆን ለራሷ ይከፈል የተባለላት አንዲት የገጠር ልጅ ይህን ለመስማት ከአገሯ ችሎት ሁሉ አልፋ መሄድ ነበረባት።

በዚህ መካከል ሕጉ ተለወጠ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 599ን ይዞ አልተሻገረም። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከኃላፊነት እንደማያድን በግልጽ ተጽፏል። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ወይም ድርጊቱ በቡድን ከተፈጸመ ከ5 እስከ 20 ዓመት፤ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ ሲሆን ወለሉ ራሱ 13 ዓመት ነው። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ያገኙትም ለዓመታት ደጅ የጠኑ ሴቶች ናቸው። የፖለቲካ ልዩነታችን ይህን እንዳንመሰክር ሊያደርገን አይገባም።

ሆኖም አንድ ንጽጽር ላቅርብ። በዚያው ሕግ በአንቀጽ 671 መሣሪያ ይዞ ወይም በቡድን ሆኖ የሚዘርፍ ወንበዴ የሚቀጣበት ዝቅተኛ መጠን 15 ዓመት ነው። በቡድን ሆነው አንዲት ሴት የሚደፍሩ ሰዎች፣ ሌላ የከፋ ጉዳት ካልተከተለ፣ ወለላቸው 5 ዓመት ነው። ለዝርፊያው ወለል የሆነው ቁጥር ለመደበኛው አስገድዶ መድፈር ጣሪያ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ወንዶቹ ተማሪዎቼ ማመን ይከብዳቸውና አንቀጹን ይፈልጋሉ፤ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከብዙ የሴሚናር ወረቀት ይልቅ አስተምሮኛል። ሕግ አውጪው ንብረት ሲነካ ዳኛውን አላመነውም፤ ‹‹ከ15 በታች አትውረድ›› አለው። ሴት ስትነካ ግን ከ5 ጀምረህ እንደ መሰለህ አድርግ አለው።

በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው የድሮው ቁና ተመልሶ የሚመጣው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በኋላም በመመሪያ ቁጥር 2/2006 ተካው። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለተመሳሳይ ጥፋት አንዱ ዳኛ 6፣ ሌላው 14 ዓመት እንዳይሰጥ ለማድረግ ነው። ወንጀሉ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረጃው በእርከን ይመደባል፣ ማክበጃ ሲኖር እርከኑ ወደ ላይ፣ ማቅለያ ሲኖር ወደ ታች ይሄዳል። በአንቀጽ 84 ማክበጃዎች አሉ፤ እምነትን ማጉደል፣ በዕድሜዋ ልዩ ጥበቃ የሚገባትን ሰው መበደል ሌሎችም። በአንቀጽ 82 ደግሞ ማቅለያዎች አሉ። ማክበጃውን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ድካም ነው። ማቅለያውን ግን ማንም ጠበቃ በቃሉ ይይዘዋል፤ ‹‹ደንበኛዬ ከዚህ ቀደም የወንጀል ሪከርድ የለበትም፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው።››

‹‹የቤተሰብ አስተዳዳሪ›› የሚለውን ደጋግማችሁ አንብቡት። ስርቆት ላይ ትርጉም አለው፤ ልጆቹ ስለተራቡ ይሆናል እንላለን። ሴት መድፈር ላይ ግን ምን ያስረዳል? አባትነቱ ለተበዳይዋ ምን አተረፈላት? ጥፋተኛው የገዛ ዘመዱን ወይም በቤቱ የምትሠራ ልጅ የደፈረ ሲሆን ደግሞ የወንጀሉ መሣሪያ የሆነው ሥልጣን ራሱ ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል። አሁንም ቢሆን እንደ ሽማግሌዎቹ ዘመን የሚመዘነው የቤት ጉዳት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ የተበዳይዋ ቤት፣ ዛሬ የበዳዩ ቤት መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ላይ በአንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛው መልካም ጠባይ ካሳየ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። 6 ዓመት የተፈረደበት በ4 ዓመቱ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሰፈሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሷም ሰፈር ነው።

ስቅላት ይሁን ለሚሉት ወዳጆቼ የምመልሰው ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ነው። በአንቀጽ 599 ዘመን ፍርዱ በከበደ ቁጥር በልጅቱ ቤተሰብ ላይ የሚወርደው ጫና ይከብድ እንደነበር አይተናል። አንቀጹ ቢጠፋም ሽማግሌው አልጠፋም፤ ዛሬም ምስክር ቃሉን እንዲለውጥ፣ እናት ክሷን እንድትተው የሚለመነው በዚያው መንገድ ነው። ደፋሪው የሚያውቃት ጎረቤት ወይም ዘመድ ሲሆን፣ ለመድፈሩ ሞት ይጠብቀዋል ከተባለ የሚለማመጠውና የሚዛትበት ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም። ምስክሯም እሷ ብቻ ስትሆን፣ በሕይወት እንድትተርፍ የሚያደርገውን ምክንያት ከሰውየው ላይ እንነጥቀዋለን። የባሕር ዳሩን ጨካኝ የሚያህል ሰው ለማስፈራራት ብለን የምናወጣው ሕግ የሚሠራው በእርሱ ዓይነት ላይ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ዳግም ይከለስ ከተባለ እኔ የምጀምረው ከወለሉ ነው። የአንቀጽ 620 ዝቅተኛ መጠን ቢያንስ በቡድን ለሚፈጸመው ከከባድ ውንብድና ጋር ይተካከል። የቤተሰብ አስተዳዳሪነትና የቀድሞ መልካም ጠባይ በዚህ ዓይነት ወንጀል እርከን መቀነሳቸው ይቅር። ዳኛው ቅጣቱን ሲወስን በተበዳይዋ ላይ የደረሰውን ጉዳት፣ ከትምህርቷ መቅረቷን፣ ሰፈር መልቀቋን፣ በውሳኔው ላይ ለይቶ እንዲጽፍ ይገደድ። የሰበር ችሎት ውሳኔዎች በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆኑ ወዲህ በቅጽ በቅጽ ታትመው ይነበባሉ፤ የቅጣት ውሳኔዎችም የተበዳይዋ ስም ተሰውሮ እንዲሁ ይታተሙ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንቀጽ 620 ወንጀሉን ሲተረጉም ‹‹ከጋብቻ ውጪ›› የሚል ቃል ይዟል። አንቀጽ 599 ከተሻረ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ፤ ጋብቻ ግን በዚህች ቃል በኩል እስከ ዛሬ በሕጉ ውስጥ መጠለያ ሆኖ ተቀምጧል።